ሦስተኛው ሲሊንደር

ባለፈው ሳምንት የቤቴን ቡታጋዝ ስቀይር መግጠሚያውን በደንብ ሳላጠብቀው ቀርቼ፣ ያ የበሰበሰ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ ወጥ ቤቱን ሞላው። ቶሎ ዘጋሁት፤ መስኮቶቹን ከፋፍቼ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ሰው ሁሉ የሚሸሸው ሽታ ነው። እኔ ግን በረንዳው ላይ ቆሜ ፈገግ አልኩ። ለእኔ ያ ሽታ የወጥ ቤት ሽታ ሆኖ አያውቅም። የመኪና ሽታ ነው። ዲላ ውስጥ፣ በአክስቴ ግቢ፣ ዝናቡ ሲያባራ ከአንዲት አሮጌ መኪና የኋላ በር ይወጣ የነበረ ሽታ ነው።

ያን ክረምት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ እናቴ ልብሴን በፌስታል አስራ ከይርጋጨፌ ዲላ ወሰደችኝ። ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ ወርቅነሽ፣ ባሏን ጋሽ ታምሩን ያጣችው ከፋሲካ በፊት ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። እናቴ ስትሰናበተኝ ጎንበስ ብላ፣ «አደራ ሚሚ፣ አክስትሽ ብቻዋን እንዳትሆን» አለችኝ።

እኔም የተባልኩትን እንዳለ ተቀበልኩ። አክስቴ ሱቅ ስትሄድ ተከተልኳት። ጓሮ እንሰቷን ልታይ ስትወጣ ተከተልኳት። ሽንት ቤት ስትገባ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። ስትወጣ አፍንጫዋ ሥር ስታገኘኝ ደንግጣ፣ «አንቺ ልጅ፣ ፖሊስ ነሽ እንዴ?» ብላ ሳቀች። በኋላ እንደሰማሁት፣ ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ የተሰማችው ያኔ ነበር።

ግቢው መሀል፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ የጋሽ ታምሩ መኪና ትቆማለች። አሮጌ፣ ባለ ሁለት ዲፍረንሻል፣ ከመሬት ከፍ ያለች መኪና ነበረች። ጋሽ ታምሩ በሷ ከዲላ ደጋው ላይ ወዳለችው ቡሌ ይመላለስ ነበር። ሲወጣ ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይትና ሰው ይጭናል፤ ሲወርድ ቆጮ፣ ገብስ፣ ድንችና ሰው። ዝናብ ሲበረታ ወደ ቡሌ የሚያወጣው መንገድ ጭቃው ትንንሽ መኪና አያሳልፍም። እሷ ካልወጣች የላይኛው አገር ሴቶች ቆጯቸውን በጀርባቸው ተሸክመው ይወርዳሉ፤ የሚወርዱትም ጉልበት ያላቸው ብቻ ናቸው።

ቤንዚን እንደ ልብ የማይገኝበት ጊዜ መጥቶ መኪኖች ማደያ በር ላይ ተሰልፈው ማደር ሲጀምሩ፣ ጋሽ ታምሩ መኪናዋን ሐዋሳ ወስዶ በጋዝ እንድትሄድ አስቀየራት። ከኋላ ወንበሩ ጀርባ አንድ ወፍራም የጋዝ ሲሊንደር በብረት ቀበቶ ታሰረ። ከሱ የሚነሳ ቱቦ በወለሉ ሥር አልፎ ሞተሩ ጋ ይደርሳል። መሪው አጠገብ ደግሞ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ተገጠመች፤ ወደ አንድ ወገን ሲጫኗት በቤንዚን፣ ወደ ሌላው ሲጫኗት በጋዝ ትሄዳለች።

የጎረቤታችን ወጥ ቤት ውስጥ ያለው ሲሊንደርም ቁርጥ እሱን ይመስል ስለነበር፣ እኔ መኪናዋ ኮፈን ሥር የሚበስል ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር። ሙቀቱም፣ ጠረኑም፣ ትክ ትክ የሚለው ድምፁም የድስት ነበር። አንድ ቀን አክስቴን «ምንድን ነው የሚሠራው?» ብዬ ጠየቅኳት። እኔ ስለ ወጡ ነበር፤ እሷ ግን መኪናዋ ስለምትሠራው ሥራ የጠየቅኳት መስሏት «መንገድ» አለችኝ። ለረጅም ጊዜ ከዚያ መልስ ጋር ስታገል ነበር።

መኪናዋ ጋዝ መጠቀሟን ክፉኛ የተቃወመው የጋሽ ታምሩ ታላቅ ወንድም ጋሽ ደምሴ ነበር። ዋናው መንገድ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው። ከሸዋ በልጅነታቸው አብረው የመጡ ወንድማማቾች ናቸው። «ጋዝ ለወጥ ነው እንጂ ለሞተር አይደለም። ሞተሩን ያቃጥልብሃል» ብሎት ነበር። ታምሩ አልሰማም። ቃል ተለዋወጡ፤ ተኳረፉ። ኩርፊያው ሳይፈታ ታምሩ አንድ ጧት ከእንቅልፉ ሳይነሳ ቀረ። ይህን ሁሉ የሰማሁት አዋቂዎች ልጅ አይሰማም ብለው ሲያወሩ ነው።

አክስቴ ከለቅሶ እንደተነሳች አንድ ሾፌር ቀጥራ ሥራውን ቀጠለች። እኔ በመጣሁበት ሰሞን ነው መኪናዋ መታመም የጀመረችው። ጧት ስትነሳ ደህና ናት። ከተማውን ለቅቃ ዳገቱን ስትያያዝና ሞተሩ ሲግል ግን መንቀጥቀጥ ይጀምራታል። ድምጿ ይቆራረጣል፤ ወንበሩ ከሥራችን ይንዘፈዘፋል፤ ጥርሴ ይጋጭ ነበር። ሾፌሩ «ታነክሳለች» አለ። እኔም በመስኮት አንገቴን አውጥቼ የትኛው ጎማዋ እንደሚያነክስ ለማየት ሞከርኩ።

አንድ የገበያ ቀን ቡሌ ሳንደርስ ዳገቱ ላይ ቆመች። ሰዎች ወርደው ገፉ። ጭጋግ ወርዶ ነበር፤ ከመንገዱ ዳር፣ የቀርከሃ አጥር ጥግ፣ ቆጯቸውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው የሚጠብቁን ሴቶች እዚያው ሆነው ያዩናል። አክስቴ ወርዳ በጭቃው ወደ እነሱ ወጣችና ይቅርታ ጠይቃ ተመለሰች። መኪናዋን አዙረን ባዶዋን ወረድን። በማግስቱ ሾፌሩ ጨለለቅቱ ከተማ የቡና መኪና ላይ ሥራ አገኘሁ ብሎ ቁልፉን አስረክቦ ሄደ።

ጋሽ ደምሴ ሰምቶ መጣ። በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ዣንጥላውን ጉልበቱ መሀል ይዞ፣ «ወርቄ፣ እኔ ለክፉ አይደለም» አለ። «ሐዋሳ ገዢ አለ። አፈራርሶ ለመለዋወጫ ይሸጣታል። አንቺ ደግሞ እኔ ሱቅ ግማሹን ይዘሽ ትሠሪያለሽ። ጋዙ ገድሏታል። ነግሬው ነበር።»

አክስቴ ዞር ብላ መኪናዋን አየች። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ የገደላት ጋዙ ከሆነ ልወቀው» አለችው። «ሳላውቅ ግን አልሸጥም። ሰው ሲሞት እንኳ በምን ሞተ ይባላል።»

ጋሽ ደምሴ ዣንጥላውን ይዞ ተነሳ። ታምሩ በምን እንደሞተ ማንም አላወቀም ነበር።

መካኒኩ ጋሽ በራሶ ይባላል። ጌዴኦ ነው። ጋራዥ የምለው ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ አንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር ያለ የታጠረ ቦታ ነው፤ አጠገቡ ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ አለ። ጋሽ በራሶ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያወራ የሚጮህ ሰው ነበር። የሚጮኸው ተቆጥቶ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ዕድሜ ልኩን ሞተር ላይ ጆሮውን ሲደግን ኖሮ ጆሮው ደክሞ ነው። መኪናዋን በቀስታ ነድቶ ዋንዛው ሥር ያቆማት እሱ ራሱ ነው።

ኮፈኑን ከፍቶ መጀመሪያ ያደረገው ነገር አስደነገጠኝ። ብሎን የሚፈታበትን ረጅም ካቻቢቴ አንስቶ ጫፉን የሚሠራው ሞተር ላይ፣ እጀታውን ጥርሱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ሞተሩን ሊበላው መስሎኝ አክስቴን ቀሚሷን ያዝኩ።

«በጥርስ ነው የምሰማው» አለ፣ ዓይኑን ገልጦ ሲያየኝ። «ጆሮ ሞተር በላው። አንተ ጆሮህ ደህና ነው?»

ወደ ኋላዬ ዞርኩ፤ ሌላ ልጅ የለም። ጋሽ በራሶ አማርኛ ሲናገር ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርገዋል። እኔ ግን ወንድ መስዬው ነው ብዬ ሹሩባዬን ወደ ፊት አመጣሁለት።

«ደህና ነው» አልኩ።

«እንግዲያ ዛሬ አንተ ጆሮ ነህ፣ እኔ እጅ ነኝ። ና።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አክስቴን መከተሉን ተውኩት፤ ዋንዛው ሥር ቁጭ ብላ የምትጠብቀኝ እሷ ሆነች፣ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ።

ሞተሩ አናት ላይ ወፋፍራም ጥቁር ገመዶች ተደርድረው አየሁ። እያንዳንዳቸው ካንዴላ ላይ ይሰካሉ፤ ካንዴላዋ ውስጥ እሳት ትረጫለች። ጋሽ በራሶ ሞተሩ እየሠራ ገመዶቹን በላስቲክ በተጠቀለለ ፒንሳ አንድ በአንድ ይነቅል ጀመር። አንዱን ሲነቅል ወደ እኔ ይጮሃል፦ «ተለወጠ?»

«ተለወጠ! ሊጠፋ ነው!»

ይመልሰዋል። ሁለተኛውን ይነቅላል። «ተለወጠ?»

«አዎ! ተንገዳገደ!»

ሦስተኛውን ነቀለ። ሞተሩ እንደ ቀድሞው ያነክሳል፤ አልባሰበትም፣ አልተሻለውም። ጆሮዬን አቀናሁ። «ምንም» አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ፤ ያጠፋሁ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ በራሶ ግን ደስ አለው። መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳርፎ አረጋገጠና አራተኛውንም ሞክሮ ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ ወደ አክስቴ ሄዶ በዚያ ጩኸቱ፣ «ሦስተኛው ሞቷል» አላት።

«ውይ! ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆይቷል። ሞቶ ነው ሲዞር የከረመው።»

እኔ ለእናቴ ሦስተኛ ልጅ ነኝ። ጋሽ በራሶ ደግሞ እኔን «አንተ» ነው የሚለኝ። ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ደረቴን ዳሰስኩ፤ ልቤ ይመታል፤ ግን ሞቶ የሚዞር ሰው ልቡ ይምታ አይምታ በምን አውቃለሁ? ጠዋት የበላሁት ቂጣ ጣዕም እንዳልነበረው ትዝ አለኝ። አክስቴ ፊቴን አይታ ስትጠጋኝ፣ «እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» አልኳት።

ነገሩ ሲገባቸው ጋሽ በራሶ ዋንዛውን ተደግፎ ሳቀ። ሲጨርስ ግን አልቀለደብኝም። አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ በጣቱ ጭቃው ላይ አራት ክብ ሣለ። «ይሄ ሁሉ ሲሊንደር ነው» አለ።

«ሲሊንደርማ ከኋላ ነው ያለው፣ አንድ ብቻ» አልኩት።

«እሱ የጋዝ ነው። ይሄ የሞተር። እየው፦ አራት ሰው በቃሬዛ በሽተኛ ተሸክሟል። አንዱ እጁን ለቀቀ። አብሮ ይሄዳል፣ ግን አይሸከምም። ቃሬዛው ምን ይሆናል?»

«ይወላገዳል።»

«እሱ ነው ማነከስ። አሁን ሦስተኛው ለምን እጁን እንደለቀቀ እንጠይቀዋለን።»

መጠየቁ ብዙ ቀን ወሰደ፤ ዝናቡ ሲመጣ ኮፈኑን ዘግተን መኪናዋ ውስጥ እንገባለን፤ ሲያባራ እንወጣለን። መጀመሪያ የሦስተኛውን ካንዴላ አውጥቶ ወደ አንደኛው፣ የአንደኛውን ወደ ሦስተኛው አዛወረ። «ጥፋቱ የካንዴላ ከሆነ አብሮት ይሄዳል» አለኝ። አልሄደም፤ ሞቱ እዚያው ሦስተኛው ላይ ቀረ። ገመዱንም አለዋወጠ። አሁንም እዚያው። ካንዴላዋን ብረት ላይ አስደግፎ ሞተሩን ሲያስነሣ ትንሽ ሰማያዊ እሳት ጠሽ ጠሽ ስትል አሳየኝ። «እሳት አለ» አለ። እኔም ለአክስቴ ሮጬ ሄጄ «እሳት አለ!» ስላት ባልዲ ይዛ ልትነሳ ነበር።

በዚህ መሀል ጋሽ ደምሴ በትንሽ ጄሪካን ቤንዚን ይዞ ከች አለ። ከየት እንዳገኘው አልተናገረም። «በዚህ አስነሷት» አለ። «በቤንዚን ደህና ከሆነች ጋዙ ነው ማለት ነው። እንዲለይልን።»

አክስቴ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ግን «ይሁን» አለች። ጋሽ በራሶ ቤንዚኑን ቀዳ፤ ማብሪያዋን ወደ ቤንዚን ጫናት። ሞተሩ ተነሳ። ሁላችንም ሞተሩን ከብበን ቆምን። ጋሽ ደምሴ ዣንጥላውን ዘግቶ አንገቱን አሰገገ። መጀመሪያ ደህና መሰለች። እየጋለች ስትሄድ ግን ያው መንቀጥቀጥ፣ ያው ማነከስ መጣ።

«አነከሰች!» ብዬ ጮህኩ፤ ደስ ሊለኝ እንደማይገባ የገባኝ ከጮህኩ በኋላ ነው።

አክስቴ የባሏን ወንድም አየችው። እሱ ግን፣ «ጋዙ ቀድሞ አበላሽቷት ይሆናላ» አለና ጄሪካኑን ይዞ ሄደ። በጣም ተናደድኩበት። ጋሽ በራሶ አልተናደደም። እያየው፣ «ሊሆን ይችላል» አለ። አክስቴ ይህን ስትሰማ አንገቷን ደፋች። ሰውየው የማን ወገን እንደሆነ ግራ ገባኝ። ጋሽ በራሶ ግን የማንም ወገን አልነበረም፤ የፈለገው ማወቅ ነው።

ቀጥሎ ጋዙንም እሳቱንም ዘግቶ ካንዴላዎቹን ሁሉ አወጣ። «አውራ ጣትህን እዚህ ቀዳዳ ላይ ጫን፤ አጥብቀህ» አለኝ። አክስቴ ቁልፉን ስታዞር ሞተሩ እህ እህ እያለ ዞረ፤ ከቀዳዳው የወጣ አየር ጣቴን ፎሽ! አድርጎ ገፍቶ ጣለው። በደስታ ዘለልኩ። ሁለተኛውም ገፋኝ። ሦስተኛው ላይ ስጭን ግን ጣቴ ሥር ትንሽ ሞቅ ያለ ነገር እፍ አለና ዝም አለ። የደከመ ሽማግሌ ትንፋሽ ይመስል ነበር። እስከ ዛሬ ጣቴ ላይ አለ።

«አየር አይጨመቅም» አለ ጋሽ በራሶ። «የሚወጣበት ቀዳዳ አለው። የት?»

ያ «የት?» የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ጋሽ በራሶ መጀመሪያ በሻይ ማንኪያ ዘይት ወደ ሦስተኛው ጨምሮ እንደገና አስጫነኝ፤ ያው ትንፋሽ ነው። «ውስጡ በሚወጣ በሚወርደው ብረት፣ በፒስተኑ ዙሪያ ቢሆን ዘይቱ ይደፍነው ነበር። እሱ አይደለም» አለ። ከዚያ ውስጧ የተፈለፈለ አሮጌ ካንዴላ ላይ ቱቦ አስበይዶ ይዞ መጣና ሦስተኛው ላይ አሰረው። ጎሚስታው ጎማ የሚነፋበትን የአየር ማስገቢያ እስከ እኛ ድረስ ዘረጋልን። አክስቴ መሪው ጋ ተቀምጣ ሞተሩ እንዳይዞር ማርሽ አስገብታ ፍሬኑን ረገጠች።

«አሁን ሚሚ፣ ጆሮ አምጣ። አየሩ ይገባል፤ የት እንደሚወጣ አንተ ንገረኝ።»

ጎሚስታው አየሩን ለቀቀ። መጀመሪያ የዘይት መሙያውን ከፍቶ ጆሮዬን አስጠጋኝ፦ ጸጥ። ከዚያ አየር የምትስብበት ላይ፦ ጸጥ። ከዚያ እየመራ ወደ መኪናዋ ኋላ ወሰደኝ። ጭቃው ላይ ካርቶን አንጥፎልኝ ተንበርክኬ ጆሮዬን የጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ አደረግኩ።

ከሩቅ፣ ከመኪናዋ ሆድ ውስጥ፣ ስስስስስ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጋራዡን፣ ጎሚስታውን፣ ባጃጆቹን ሁሉ ረሳሁ። ድምፁ እኔ ገብቼበት በማላውቅ ቤት ውስጥ ካለ ሰው የሚመጣ ይመስል ነበር።

«እዚህ ነው!» አልኩ። «እዚህ ነው የሚወጣው! ጋሼ በራሶ፣ ይሰማል!»

እሱም ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ። አልሰማም። ግን አላጣራም፣ ሌላ ሰውም አልጠራም። «ጭስ የሚያስወጣው ቫልቭ ነው» አለ ለአክስቴ። «በር ነው። አይዘጋም።»

የሞተሩን የላይኛውን ክዳን ሲያነሳ ከሥሩ ዘይት የተቀቡ የብረት ጣቶች ተደርድረው ታዩ። ጋሽ በራሶ ከኪሱ በአንድ ቀለበት የታሰሩ፣ ክፍተት የሚለካባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች አወጣና አንዷን ከብረት ጣቶቹ ሥር ሊያስገባ ሞከረ። ሌሎቹ ጋ ትገባለች። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ እምቢ አለች።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «ጋሽ ታምሩም በእንደዚህ ዓይነት ጥርሷን ይፍቅላት ነበር» አልኩ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«ማንን?» አለች አክስቴ።

«መኪናዋን። ለገና የመጣን ጊዜ። አንቺ ቤተ ክርስቲያን ሳለሽ። ክዳኑን አንስቶ እንደዚህ እያደረገ…» በጣቴ አሳየኋቸው። «‹ምን ታደርጋታለህ?› ስለው ‹ጥርሷን እፍቅላታለሁ፣ ካልፈቅኩላት ይበሰብሳል› አለኝ። ሁልጊዜ እሑድ እሑድ ነው አለኝ።»

ጋሽ በራሶ ቅጠሎቹን ሰበሰበ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ ሰማሁት። «ወርቅነሽ፣ ያውቅ ነበር» አለ።

«ምን?»

«ጋዝ እሳቱ ደረቅ ነው። አሮጌ ሞተር ላይ የቫልቩን መቀመጫ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ቫልቩ ወደ ውስጥ ይሰጥማል፤ ክፍተቱ ይጠባል፤ በመጨረሻ በሩ ገርበብ ብሎ ይቀራል፣ እሳት ያመልጣል። ሰው ቶሎ ቶሎ እያየ ክፍተቱን ካላላው ግን ይሠራል። ታምሩ እያየ ያላላ ነበር። ከሞተ በኋላ ያየው የለም።»

አክስቴ የመኪናዋን ጎን ይዛ ቆመች። «ለእኔ አልነገረኝም» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አብረን እንሂድ ስለው እምቢ ይለኝ ነበር። ሰንፎ ነው እል ነበር» አለች።

ጋሽ በራሶ ሦስተኛውን አላላውና ሞተሩን አስነሳ። ድምፁ አማረ። እስከ ከተማው ጫፍ ነድተን ሄድን፤ እኔ ከፊት ነበርኩ። ከዳገቱ ሥር ስንደርስ ግን ሞተሩ ጋለና ቀስ ብሎ ማነከስ ጀመረ። ጋሽ በራሶ መኪናዋን ዳር አቆመ። «የቫልቩ ጠርዝ ተቃጥሏል። ማላላት ብቻውን አያድነውም። ቴስታታው ይከፈት» አለ። የሞተሩን ራስ ማለቱ ነው። አክስቴ አላመነታችም፤ «ክፈተው» አለች።

የተከፈተ ቀን ጋሽ ደምሴን አስጠራችው። እሱ መጥቶ የምታሸንፈው መስሎኝ ጓጉቼ ነበር። ጋሽ በራሶ ቫልቩን በጨርቅ ጠርጎ መዳፉ ላይ አኖረለት። እንጉዳይ የሚመስል ብረት ነው፤ ጠርዙ አንድ ቦታ ላይ እንደተነከሰ ብስኩት ተገምጧል።

«ያቃጠለው ጋዙ ነው፣ ጋሽ ደምሴ» አለ ጋሽ በራሶ። «እውነትህን ነበር።»

ጋሽ ደምሴ ደስ ይለዋል ብዬ ጠበቅኩ። ደስ አላለውም። ቫልቩን እያገላበጠ፣ «ነግሬው ነበር…» ብሎ ጀመረና አቆመ።

«ሰምቶህ ነበር» አለችው አክስቴ። «መልስ አልሰጠህም እንጂ ሰምቶህ ነበር። የነገርከውን ፈርቶ እሑድ እሑድ ሲጠብቃት ኖሯል። ሕፃኗ አይታዋለች።»

ጋሽ ደምሴ እኔን አየኝ። «ምን ሲያደርግ?» አለኝ። ጥርስ መፋቁን ከነንግግሩ ነገርኩት። እንደገና አስነገረኝ። የወንድሙን ድምፅ ሳስመስል ጎንበስ ብሎ አዳመጠኝ። ከዚያ መሀረቡን አውጥቶ ፊቱን በመጥረግ ፋንታ ቫልቩን ጠቀለለበት።

«ይሄን የሚሠራው የት ነው?» አለ።

«ሐዋሳ፣ ብረት የሚቀርጽ ቶርኖ ቤት። ለጋዝ የሚሆን ጠንካራ መቀመጫ ያስገቡለታል። አዲስ ቫልቭም እዚያ አለ» አለ ጋሽ በራሶ።

«እኔ እወስደዋለሁ» አለ ጋሽ ደምሴ። አክስቴ ሌላ ሰው እንደምትልክ ብትነግረውም አልሰማም። በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ፣ ያን ከባድ ዘይታም ቴስታታ በማዳበሪያ ጠቅልሎ፣ ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ አውቶቡስ ውስጥ እቅፉ ላይ አድርጎት ሄደ። ሲመለስ ሸሚዙ ጠቁሮ ነበር። ጋሽ በራሶ ሞተሩን ሲገጥም ከጎኑ ቁጢጥ ብሎ ብሎን ሲያቀብል ዋለ። ስለ ሐዋሳው ገዢ ዳግመኛ ሲነሳ አልሰማሁም።

መኪናዋ ስትነሳ ጋሽ በራሶ ካቻቢቴውን ጥርሱ ላይ አድርጎ አዳመጠ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በቅንድቡ ጠየቀኝ። ጆሮዬን ሰጠሁ። አራቱም እኩል ይሸከማሉ። ራሴን ነቀነቅኩ። እሱም ነቀነቀ። ከዚያ ወዲህ ያን የመሰለ ሽልማት ያገኘሁ አይመስለኝም።

የቀረው ሾፌር ነበር። የገበያው ቀን ደርሶ ሰው አልተገኘም። አክስቴ መንጃ ፈቃድ እንዳላት ያን ቀን ነው የሰማሁት፤ ጋሽ ታምሩ ለምኖ ለምኖ አስወጥቷት ኖሯል፤ ግን ከዲላ አስፋልት ወጥታ አታውቅም። ጠዋት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ጫማዋን አውልቃ መሪው ጋ ተቀመጠች። ጋሽ ደምሴ በሩ ላይ ቆሞ «ወርቄ፣ ዳገቱን በከባድ ማርሽ ያዢው፤ መሀል ላይ እንዳትቀይሪ» አላት። እሱ መንዳት አይችልም።

ጨውና ሳሙናውን ጭነን ወጣን። የቡናው ማሳ አልፎ እንሰቱ ሲበዛ፣ እንሰቱ አልፎ ብርዱ ሲጀምር፣ አክስቴ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ እኔም ሞተሩን ነው የማዳምጠው። ያ የቆምንበት ዳገት ጋ ስንደርስ ጭቃው ጎማውን ወደ ጎን አንሸራተተው። መሪውን በሁለት እጇ አንቃ ያዘችው። ሞተሩ አጓራ፤ አጓርቶ አላነከሰም። ጭጋጉ ውስጥ ገብተን ከጭጋጉ በላይ ወጣን።

ቡሌ ገበያ ዳር ስታቆማት ሴቶቹ ከበቡን። አንዲት ጎበጥ ያሉ አሮጊት ቆጯቸውን መሬት አስቀምጠው በሾፌሩ መስኮት አንገታቸውን አስገቡ። ከፋሲካ ወዲህ ገበያ ወጥተው አያውቁም መሰለኝ፤ ያቺን መኪና ያኔ ይዟት ይመጣ የነበረውን ሰው እየፈለጉ ወደ ውስጥ አዩ።

«ባለቤቱስ? ባለቤቱ የት አለ?» አሉ።

የሚጠይቁት የመኪናዋን ባለቤት ይሁን የአክስቴን ባለቤት፣ እኔ አልገባኝም። አክስቴ እጇ አሁንም መሪው ላይ ነበር።

«ባለቤቴ አርፏል፣ እማማ» አለች።

አሮጊቷ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። በጌዴኦኛ አንድ ነገር ብለው በመስኮቱ እጃቸውን አስገብተው የአክስቴን ጉንጭ ያዙ። ቀዝቃዛና ሻካራ እጅ መሆን አለበት። አክስቴ ፊቷን እዚያ እጅ ላይ አሳርፋ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ረዘም ላለ ጊዜ አለቀሰች። ማንም አላቋረጣትም።

ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «የመኪናዋ ባለቤት እኔ ነኝ» አለች።

አሮጊቷ አዩዋት። መኪናዋንም ከላይ እስከ ታች አዩ። «እንግዲያ ይሄን ጫንልኝ» አሉና ወደ ቆጯቸው አመለከቱ።

አክስቴ በባዶ እግሯ ጭቃው ላይ ወረደች። ቆጮውን አንስታ በኋላ በር በኩል ስትጭነው፣ ከአሮጊቷ ጀርባ የቆሙት ሴቶች «የኔንም! የኔንም!» እያሉ ሸክማቸውን ወደ ፊት ያቀርቡ ጀመር።